ፈቃዱን መናገር ስለማይችል በሽተኛ

አንባቢ ሆይ፥ በመንገድ ስትሄድ ድንገት ልብህ መምታቱን ቢያቆም፥ ሊረዳህ የመጣው ሰው ፈቃድህን ሊጠይቅህ አይችልም። በኢያሪኮ መንገድ ወንበዴዎች ያቈሰሉትን ሰው ሳምራዊው ሳይጠይቀው ቍስሉን እንዳሰረለት ታውቃለህ፤ ስለዚህም የነቀፈው የለም። ነገር ግን ሳምራዊው ዘይቱንና ወይኑን ያፈሰሰው ስለ ቍስለኛው ብቻ ነበር። ሐኪም አንተን ሲያክም ከአንተ ተምሮ ሌላውን ደግሞ ለማዳን ቢያስብ፥ ይህን ያለ ፈቃድህ ያደርግ ዘንድ ይገባዋልን?

ይህ እንዲያው የታሰበ ምሳሌ አይደለም። በብሪታንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2014 እስከ 2017 ልባቸው የቆመ፥ በመጀመሪያውም እርዳታ ያልተመለሰላቸው 8014 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ አድሬናሊን የሚባለውን መድኃኒት፥ እኩሌቶቹ የጨው ውሃ በመርፌ ተሰጣቸው። የወጋቸውም ሰው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም ነበር።

ስለ ጨው ውሃው ለመቈጣት አትቸኵል። አድሬናሊን ከ50 ዓመት በላይ ሲሰጥ ኖሮአል፤ ጥቅሙ ከጕዳቱ ይበልጥ እንደ ሆነ ግን በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለዚያም ቢሆን ፈቃዱን የተጠየቀ በሽተኛ አልነበረም። ውጤቱ በ2018 ሲገለጥ፥ መድኃኒቱን ካገኙት ከሺህ 32፥ ካላገኙት ከሺህ 24 ያህል እስከ 30 ቀን በሕይወት ቈዩ። ነገር ግን ከሐኪም ቤት በሕይወት ከወጡት መካከል አእምሮአቸው ክፉኛ የተጐዳው በመድኃኒቱ ወገን በዝተው ተገኙ። እንግዲህ ይህን ያህል ነገር ሳይታወቅ ብዙ ሺህ ሰው ታክሞአል።

የፈተናው መሪዎች ነገሩን በይፋ አወጁ፤ አልገባበትም ለሚል ሰውም በእጁ የሚያስረው አምባር አዘጋጁ። አምባሩን ብታስር ኃጢአት የለብህም። ወሬውን ያልሰማ ሰው ግን አምባሩን ከወዴት ያገኘዋል? ከተረፉትም በኋላ ፈቃድ ጠየቁ። የሞቱትን ሰዎች ቤተ ሰቦች ግን በኀዘናቸው ላይ ኀዘን እንዳይጨምሩ ብለው አንድ በአንድ ሄደው አልነገሩአቸውም፤ ሊያውቅ የሚወድ እንዲያገኘው በአደባባይ አኖሩት እንጂ።

እኔ እንደሚመስለኝ፥ ነፍሱን ስቶ የወደቀ ሰው ስላልተጠየቀ አይቀየምም፤ ከነቃ በኋላ ቢደበቅበት ግን በእውነት ይቀየማል። ባልዋ የሞተባት ሴትም እንዲሁ ናት። ከዓመት በኋላ ከጎረቤት አፍ ከምትሰማው፥ ኀዘንዋ ጥቂት ሲበርድ አንድ ሰው በርዋን አንኳክቶ፥ ባልዋ በዕጣው እንደ ገባ ቢነግራት፥ የትኛው መርፌ እንደ ተሰጠውም ብትጠይቅ ሳይሸሽግ ቢመልስላት ይሻላት ነበር።