ለጌጥ የፈሰሰ ውኃ

በ2014 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ አከራዬ እማማ ከበረንዳው ጥላ ሥር በወተት ቆርቆሮ ያሳደጓት አንዲት ተክል ነበረቻቸው። ብዙዎቻችን በሠርግ መኪና ላይ ከአበባ ጋር ታስራ የምናውቃት፣ እንደ ወፍ ላባ የሳሳች አስፓራገስ። ፈርን የሚሏት አሉ፤ አይደለችም። ቅጠል የሚመስለንም ቅጠል ሳይሆን የቅጠልን ሥራ የተረከበ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። እውነተኛው ቅጠሏ ቅርፊትና እሾህ ሆኖ ቀርቷል። የባሕር ማዶ ጌጥ ትመስላለች እንጂ የትውልድ ምድሯ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል፤ የሴት ቀስት የምንለው ቁጥቋጦም ዘመዷ ነው።

ጊዜው የድርቅ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡቡ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ የስንቱ አርብቶ አደር ከብት አለቀ። እኛም ውኃ በጀሪካን እንገዛ ነበር። እማማ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ተክሏን በአደራ ሰጡኝ። አንድ ጧት አንድ ኩባያ ንጹሕ ውኃ ሳፈስላት፣ የጎረቤት ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ምንም አላለችም። እኔ ግን ኩባያውን ደበቅሁ።

ለምን ደበቅሁ? አንድ ኩባያ ውኃ የማንንም ላም አያድንም ብዬ ራሴን ተከራከርሁ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ እፍረቱ ግን አልለቀቀኝም።

ነገሌ ይህን ጣጣ ቀድማ ታውቀዋለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር ያመፀው በምግብና በውኃ ነው። የወታደሮቹ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን ጄኔራልም ይዘው ያንኑ ምግብ አስበሏቸው። ወታደሩን ያስቆጣው ጥሙ ብቻ አይመስለኝም፤ ውኃው እያለ፣ በዓይኑ እያየ መከልከሉ ነው። በዱብሉቅ ኤላዎች ደግሞ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። በዚያ ተራ ውስጥ የበረንዳ ጌጥ የትኛው ላይ ትሰለፋለች?

እማማ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ እሷ ንጹሕ ውኃ መች ቀምሳ ታውቃለች? የምስር እጣቢ ነው የማጠጣት።»

ለካስ ሲጠማት ላባዋን ታረግፋለች፤ የቢጫውን ግንድ ከሥሩ ቆርጠው ትንሽ ሲያረጥቧት ደግማ ታቆጠቁጣለች። ከቀጥታ ፀሐይ ከተጠለለች ብዙ አትጠይቅም።

ይህ ግን ከጥያቄው አላወጣኝም። «ንጹሕ ውኃ ካላገኘች የምትሞት ብትሆንስ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና «ለልጅቷ ነዋ የምሰጠው» አሉ። «ግን አለቅስላታለሁ። ይችን ቤት ስገባ ከእሷ ሌላ ምን ነበረኝ?»

ማግሥቱን ጀሪካን ሞልቼ ልጅቷን ጠበቅሁ። አጥሩን አልፋ ወደ ሌላ በር ስትሄድ አየኋት።