የእንቁጣጣሽ ሥዕልና ዋጋው

ሰው ለሰው የሚሰጠው ነገር ሁሉ ስጦታ ነው ለማለት አይቻልም። ሰጪው በልቡ የሚያገኘውን እያሰላ የሚሰጥ ከሆነ፥ ሥራው ንግድ ነው። ታዲያ ስጦታን ከንግድ የምንለየው በምንድን ነው? እውነተኛ ሰጪስ ምንም የማይቀበል ብቻ ነውን? ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት አስቀድሞ ያቀረበልኝ የልጅነቴ እንቁጣጣሽ ነው።

መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፥ ወንዶች ልጆች በቀለም ያጌጠ ሥዕል በየቤቱ ማደላቸው ያገራችን ልማድ ነው። ስለዚህ ጳጉሜን በቤታችን የሥራ ወራት ነበረች። ቀለም አንገዛም፤ ቢጫውን ከእርድ፥ ቀዩን ከቀይ ሥር፥ ጥቁሩን ከምጣድ ጥላሸት እናወጣለን፤ አረንጓዴውን ቅጠል በወረቀት ላይ እያሸን እናገኘዋለን። ብሩሻችን የዶሮ ላባ፥ ወረቀታችንም ካለፈው ዓመት ደብተር የተረፈው ነው።

በዚህ ላይ እናታችን አንድ የቤት ሕግ አወጣችልን፤ ከሁሉ ያማረው ሥዕል መጀመሪያ የሚሰጠው ሳንቲም ለማይገኝበት ቤት ነው። ስለዚህ ስሙኒ ከሚሰጡን ጎረቤቶች አስቀድመን፥ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አንዲት ባልቴት እንሄድ ነበር። አንድ ዓመት እኒህ ሴት ሥዕሉን ተቀብለው መቀነታቸውን ፈትተው ቢፈልጉ ምንም አጡ፤ ፊታቸውም በኀፍረት ጠቆረ። እናቴ ይህን ስትሰማ፥ «ልጄ፥ ሰጥተህ ዝም ብለህ አትቁም። ‹እማማ፥ ይመርቁኝ› በል፤ እርሳቸውም የሚሰጡት አላቸው» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት እንዲሁ አደረግሁ። ራሴን ይዘው ረዥም ምርቃት መረቁኝ፤ ፊታቸውም የባለጠጋ ፊት ሆነ።

እዚህ ላይ ብልኅ አንባቢ፥ «እንግዲያው ምርቃቱም ዋጋ ነው፤ በሳንቲም ፈንታ በቃል ተከፈለ እንጂ ምን ልዩነት አለው?» ይል ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዋጋ ልክ አለው፤ ከተከፈለ በኋላ ሻጭና ገዢ በየመንገዳቸው ይሄዳሉ፤ የሚፈላለጉበትም ምክንያት የለም። ምርቃት ግን ልክ የለውም፤ ከመራቂው ምንም አያጎድልም፤ ሁለቱንም ለከርሞው ያቀራርባል። ደግሞም «ምንም አልቀበልም» የሚል ሰጪ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ተቀባዩን ዝቅ ያደርጋል፤ የመስጠትን ክብር ለራሱ ብቻ ያስቀረዋልና።

ዛሬ የታተመ ሥዕል በገበያ ይሸጣል፤ ገዝቶ ማደሉም ነውር አይደለም። ነገር ግን የተገዛ ነገር ስንት እንደ ወጣበት ስለሚታወቅ ሰጪውን በቶሎ ወደ ሒሳብ ይመልሰዋል። የራስ ጣት በእርድ የቢጫበትን ወረቀት ግን በሳንቲም መተመን ያስቸግራል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ስትሰጡ «ምን አገኛለሁ?» አትበሉ፤ «ከማንም ምንም አልፈልግም» ብላችሁም አትኩሩ። ተቀባዩ ሊሰጥ የሚችለውን አስተውላችሁ ለምኑት። ድኻን ማክበር ማለት ሳንቲም መወርወር ሳይሆን፥ እርሱም ሰጪ መሆኑን አምኖ እጁን መጠበቅ ነው።