ድንጋዩ ከጫፍ በደረሰ ጊዜ

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ፣ ተፈታኞቹም ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው በተመለሱበት ሰሞን፣ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ባለችው በጋሳይ፣ የጉና ውርጭ ገና ከገብሱ ላይ ሳይነሣ መኪና ስጠብቅ፣ ፀሐይ ሊሞቁ ከአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተደረደሩ አምስት ተማሪዎች በፊዚክሱ ፈተና ሲከራከሩ ሰማሁ። ጥያቄው፣ ከአእምሯቸው እንደ ቀዱት፣ ይህ ነበር፤ ቀጥ ተደርጎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከከፍታው ጫፍ በደረሰባት ቅጽበት አክስለሬሽኑ ስንት ነው?

«ዜሮ ነው እንጂ! ጫፍ ሲደርስ ይቆም የለ?» አለ አንድ ቀጭን ልጅ። ሌሎቹ ሦስቱም «እኛም ዜሮ ነው ያጠቆርነው» አሉ። ከዳር የተቀመጠች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ልጅ ብቻ «9.8 ነው፤ ወደ ታች» ብላ ዝም አለች። «አራት ለአንድ!» ብለው ሣቁባት።

የመልስ መስጫው ወረቀት ተሰብስቦና ታሽጎ ከሄደ ሰንብቷል፤ የጠቆረው አይነጣም፣ ያልጠቆረውም አይጠቁርም። ታዲያ ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ምን ነው? ሰው ከፈተና በኋላ መልሱን ከባልንጀራው ጋር የሚያስተያየው እውነትን ሽቶ ነው ብንል ራሳችንን ማሞገስ ይሆንብናል፤ አብዛኛው የሚሻው የስሕተት ጓደኛ ነው፣ ብቻን ከመሳት ከብዙዎች ጋር መሳት ይቀላልና። በዚያ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ያህሉ ብቻ መሆናቸው በኋላ በተነገረ ጊዜ፣ ያች «አራት ለአንድ» የምትባለው ድምፅ ትዝ አለችኝ።

ይህ የብዙኃንና የእውነት ነገር ግን በተማሪ አልተጀመረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት የአርዮስን ትምህርት ካወገዙ በኋላ፣ ብዙ ዘመን ሳይቆይ ቤተ መንግሥቱ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ፤ ብዙ ኤጲስ ቆጶሳትም ቤተ መንግሥቱን ተከትለው አዘነበሉ፤ የእስክንድርያው አትናቴዎስም አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ በራሱ በአትናቴዎስ መጽሐፍ ተጠብቆ ይገኛል፤ ፍሬ ነገሩም፣ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ይመለስና በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት (ታቦቱ በየአጥቢያችን ያለው ሰማዕት አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው) ሃይማኖቱ ይመርመር የሚል ነው። እንግዲህ ፍሬምናጦስ፣ አባታችን ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውም፣ ለፈተና ተጠርቶ ነበር፤ ፈታኙ ግን የያዘው መልስ ራሱ የተሳሳተ ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የምትዘክረው አትናቴዎስን ነው፤ የዚያን የጊዮርጊስን ስም ከሊቃውንት በቀር የሚያውቀው የለም።

ከዚህ ተነሥቶ ግን ብቸኛ የሆነ ሁሉ አትናቴዎስ ነው ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በዚያችው በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎጶኖስ የሚባል ክርስቲያን ፈላስፋ ነበር፤ የተወረወረን ነገር አየሩ ከኋላው እየገፋ ያስኬደዋል የሚለውን የአርስጣጣሊስን ትምህርት ተቃውሞ፣ ወርዋሪው ኃይልን የሚያሳድረው በዕቃው በራሱ ላይ ነው ብሎ አስተማረ፤ በዚህም ከጋሊልዮ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ቀድሞ ወደ እውነቱ ተጠጋ። ይኸው ሰው ስለ ሥላሴ በጻፈው ግን ሦስት አማልክትን ወደ ማለት አዘንብሏል ተብሎ ተወገዘ፤ የገዛ ወገኖቹ ሳይቀሩ ተለዩት። በድንጋዩ ነገር ብቻውን ቆሞ ረታ፣ በሥላሴ ነገር ብቻውን ቆሞ ተረታ። ስለዚህ ብቸኝነትም እንደ ብዛት ሁሉ ምስክር ሊሆን አይበቃም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ ቀጭኑ ልጅ። እኔም መፍረዱን ትቼ ልጅቱን «ለምን 9.8 አልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዐይኗን ወደ መሬት አድርጋ «እንጃ፤ መምህራችን እንደዚያ ሲል ሰምቼ ነው» አለች። እውነቱ በእጇ ነበረ፣ ምክንያቱ ግን አልነበራትም፤ ያ ልጅ ደግሞ ምክንያት ነበረው፣ እውነቱ ግን በእጁ አልነበረም። ከሁለቱ ማናቸው ዐዋቂ ይባላል? የማረሚያው መኪና ይህን አይጠይቅም፤ ለጠቆረው ክብ ማርኩን ሰጥቶ ያልፋል። በአብነት ትምህርት ቤት ግን ከመምህሩ የተሰማው ትርጓሜ ተማሪዎች ተቀምጠው ቃል በቃል እያነሡ ካልቀጸሉት እንደ ተማሩ አይቈጠርላቸውም፤ በቅጸላው ላይ «መምህር ብለዋል» ማለት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ «እንዴት?» የሚል ጓደኛ ሁልጊዜ ከጎን አለና። ጉባኤ ለሰው የሚያስፈልገው ድምፅ ለመቍጠር ሳይሆን ለዚህች «እንዴት?» ይመስለኛል፤ ማንም የራሱን ጀርባ ራሱ አያይምና።

ልጅቱ በተናገረችው ማንም አልሣቀም። ቀጭኑ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር ጠጠር አነሣና ወደ ላይ ወረወራት። ሁላችንም አንጋጠጥን። ጠጠሯ ከባሕር ዛፉ ጫፍ እኩል ደረሰች፣ ያለች እንኳ እስከማትመስል ድረስ ለቅጽበት ቀጥ አለች፣ ተመልሳም ከእግራችን ሥር አቧራ አስነሥታ ወደቀች። ሁለተኛ ወረወራት። በሦስተኛው ግን እጁ አየር ላይ እንደ ተዘረጋ ቀረና «ቆይ…» አለ፤ «ፍጥነቷ ነው እንጂ ዜሮ የሆነው… አክስለሬሽኗም ዜሮ ቢሆንማ ኖሮ ምን ይመልሳታል? እዚያው ተንጠልጥላ ትቀር ነበር!»

ይህ ዕውቀት ወረቀቱ ከታሸገ በኋላ የመጣ ነው፤ የፈተናው ድርጅት በወንጌል እንደ ተነገረለት እንደዚያ የወይን ቦታ ባለቤት በዐሥራ አንድ ሰዓት ለመጣ ሠራተኛ ሙሉ ዲናር አይከፍልም፤ አይክፈልም፣ ሥራው አይደለምና። ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት ውጤቱን የረሳ መሰለኝ። ነጠላ የተከናነበችው ልጅም ፊቷን ገልጣ፣ ሲያስተምራት እንደ ሰነበተ ሰው ትክ ብላ ታየው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ወደ እርሷ ዞሮ፣ «አንቺ አግኝተሻታል በቃ» አላት፣ ግማሽ በቅናት ግማሽ በደስታ።

ከሦስቱ አንዱ ጠጠሯን በጫማው ገፋ አደረጋትና፣ «በሉ የሚቀጥለውን፤ የሽቦውን ጥያቄ ምን አላችሁ?» አለ። መኪናዬም በጡሩምባ እየጮኸ ደረሰ።