አንቶኒዮ በ1929 የት ነበር?

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከአያቴ ጋር የጣሊያን ፊልም አየን። ያሰብኩት ብቻዬን ላየው ነበር። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» እንደ ጀመርኩ፣ እማማ ጋቢዋን ተከናንባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፓስታ በስልስ በልተን መነሳታችን ነው፤ ጾም ነዋ። ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ እተረጉምላት ጀመር።

ፊልሙን ላላያችሁት፦ እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል የሮም ሥራ አጥ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ ግድግዳ ላይ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ቤት ነው ያለው። ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላ ገፋ ወስዳ በእሱ ምትክ ታስለቅቅለታለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ትንሽ ልጁ ብሩኖ ሮምን በእግራቸው ሲያስሱ ነው የምናየው። በቃ፣ ይኸው ነው ታሪኩ። ተዋናዩ እንኳን የተመለመለ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ የሙያው ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል ፊቱ የሚያሳምነው።

እማማ እስከ ግማሽ ድረስ ዝም ብላ አየች። አንዴ ብቻ «ይሄ ልጅ አንጀት ይበላል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣

«ሰውዬው ስንት ዓመቱ ነው?»

«እንጃ፤ አርባ አይሞላውም።»

«ፊልሙስ የመቼ ነው?»

ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ «1940 ገደማ» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። አጋነንሽ እንዳትሉኝ፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ሁለት እያለች በጣቷ ቆጠረች።

«እንግዲያው እዚህ ሳይመጣ አልቀረም።»

ይህን ፊልም ከዚያ ቀን በፊት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስቴም አልቅሻለሁ። አንዴም ግን አልቆጠርኩም።

እማማ የተወለደችው በ1932 ነው። የአባቷ ታናሽ ወንድም የካቲት 12 ቀን 1929 ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው ስሙን ነው፤ አባቷ ደግሞ በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰው እንደማያናግሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የተገደለውን ሰው የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ይለዋል፤ ነገሩን ለብዙ ዓመት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። ለዛሬው ጉዳዬ ከቁጥሩ የሚበልጥብኝ ገዳዮቹ እነማን እንደነበሩ ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ብቻ አልነበሩም። መንገድ ሊሠሩ፣ ቤት ሊያንጹ የመጡ ሲቪል ጣሊያኖችም ነበሩበት። አገራቸው ሥራ አጥተው፣ አፍሪካ መሬትም ደመወዝም አለ ተብለው መርከብ የተሳፈሩ ድሆች። እንደ አንቶኒዮ ያሉ ሰዎች።

አንቶኒዮ የፈጠራ ሰው መሆኑን አልረሳሁም። ዴ ሲካ ስለ ጦርነቱ ምን ሠርቶ እንደነበር አልነገረንም። ግን በ1929 ሀያ ሰባት ሀያ ስምንት ዓመት የሚሆነው የሮም ሥራ አጥ የት ነበር ብሎ መጠየቅ ለአንዲት የአዲስ አበባ አሮጊት የፈጠራ ጥያቄ አይደለም።

ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ «አካበድሽው፣ ጥበብ አገር የለውም» አለኝ። ሌላዋ እየሳቀች «እኔ ድሮም ባንዳ ነሽ ብያለሁ» አለችኝ። ሁለቱም መልስ የሰጡኝ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው አባባል ደስ የሚል ነው፤ ግን ሁልጊዜ አገሩን ደጅ ትቶ እንዲገባ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ሮማዊ ተመልካች ሮማዊ ሆኖ ነው የሚያየው፤ መንገዶቹን ያውቃቸዋል፣ ድህነቱ የአባቱ ነው። እኔ ነኝ «ሰው» ብቻ ሆኜ እንድመለከት የሚጠበቅብኝ። የሁለተኛዋ ቀልድ ደግሞ ከራሷ አፍ ጋር ይጋጫል፤ ፌርማታ ላይ ቆመን ነበር የምናወራው፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ካልሲዋን እየሳበች። ሦስቱም ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸው። መኪናችንን ላቫጆ እንወስዳለን፣ ጎማ ሲፈስ ጎሚስታ እንጠራለን፣ ይህን ሁሉ ስንል ማንንም አላስታወስንም፣ ማንንም አልከዳንም።

ምግብ እንኳ ቀላል ነው። ፓስታ ፊት የለውም። እማማ ራሷ ፓስታን በእንጀራ ጠቅልላ ስትጎርስ አጎቷ ትዝ ይላት እንደሆነ ጠይቄያት፣ «ስንዴ ምን አደረገ?» ብላኛለች። ፊልም ግን ፊት አለው። መጽሐፍም እንደዚያው፤ ከሰው ራስ ውስጥ ያስገባችኋል፣ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ መውጫውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1947፣ ማለትም ከፊልሙ በአንድ ዓመት ቀድሞ፣ ስትሬጋ የሚባለው የጣሊያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። የተሸለመው የኤንዮ ፍላያኖ «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» ነው፤ «የመግደያ ጊዜ» እንደማለት። ታሪኩ እኛ አገር የሚካሄድ ነው። ጥርሱን የታመመ አንድ የጣሊያን መቶ አለቃ ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ መንገድ ይስታል፣ ውሃ ስትታጠብ ያገኛትን ሴት ይተኛታል፣ ሌሊት በተኮሰው ጥይት ሳያስበው ያቆስላታል፣ ከዚያ አስቦበት ይገድላትና ይቀብራታል። የቀረው መጽሐፍ ስለ እሱ ጭንቀት ነው። ለምጽ አስይዛኝ ይሆን፣ ይደርሱብኝ ይሆን። መጨረሻ ላይ የከሰሰው ሰው አይገኝም።

ፍላያኖ የሚያወራውን ያውቃል፤ በዚያ ዘመቻ መኮንን ሆኖ እዚህ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሰውየው ቆይቶ ከፌሊኒ ጋር ሆኖ «ላ ዶልቼ ቪታ»ን ከጻፉት አንዱ ነው። ያንን ፊልም የማያውቅ እንኳ ሴትየዋ ከነቀሚሷ ፏፏቴው ውስጥ የቆመችበትን ምስል ያውቀዋል፤ «ፓፓራዚ» የሚለው ቃል ከዚያው ነው የወጣው። የአውሮፓን ውበት ለዓለም ካስተዋወቁት እጆች አንዱ የእኛን ተራራ በወታደር ዓይን ያየ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አንብቤዋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ይህን ማለት ያናድደኛል፣ ግን ነው። ገጹን ስገልጥ ለገዳዩ እየተጨነቅኩ፣ እንዳይያዝ እየፈራሁ ራሴን አገኘሁት። ሟቿ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው ነገር ከእጅ ጣት አይበልጥም። ዘግቼው ሁለት ሳምንት አልነካሁትም። አሁን ሳስበው ከዴ ሲካ ይልቅ ፍላያኖ ሐቀኛ ይመስለኛል፤ ቢያንስ አስከሬን እንዳለ ያውቃል። የሚያዝነው ለራሱ ብቻ መሆኑ ነው ጉዱ። ዴ ሲካ በተቃራኒው ለማንም ማዘን የሚችል ሰው ነው፣ ግን ካሜራው ከሮም ወሰን አይወጣም።

ደግሞ ከሮም ሳይወጣም ሊያየው ይችል ነበር። ፊልሙ በሚቀረጽበት ጊዜ የአክሱም ሐውልት እዚያው ከተማ ውስጥ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር በነበረው ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሟል። በ1929 ተወስዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማምታ ነበር፤ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። አንቶኒዮ አንዲት ብስክሌት ፍለጋ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድልድዩን ሲያስስ፣ 24 ሜትር የሆነ የተሰረቀ ድንጋይ እዚያው ከተማ ውስጥ ቆሞ ነበር። ማንም አልደበቀውም።

ሄጄ ቦታውን ማየት ፈልጌ ነበር። አስቂኙ ነገር ይሄ ነው፤ በፊልሙ፣ በምግቡና በመጽሐፉ እንደ ልብ የምገባበት አውሮፓ በእግሬ ስመጣ በር አለው። ሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚወስደውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አሳደገው። እኔ ለአንዱ የሼንገን አገር አመልክቼ የመጣልኝ ወረቀት፣ ጊዜሽ ሲያልቅ ስለመመለስሽ አላመንንም የሚል ሣጥን ላይ ምልክት ተደርጎበት ነበር። 90 ዩሮው አይመለስም። የቀናት ጓደኛዬ ግን ሮም ሄዳ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። አደባባዩ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»። አምስት መቶዎቹ ጥር 1879 በዛሬዋ ኤርትራ፣ ዶጋሊ ላይ፣ ራስ አሉላ የፈጇቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጽፌ ነገርኳት። «ኧረ ባክሽ! እኔ የሒሳብ ነገር መስሎኝ» አለችኝ። እነሱ ሙታኖቻቸውን ከባቡር የወረደ ሁሉ በሚረግጠው አደባባይ ላይ ጽፈዋቸዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ እኛም ስድስት ኪሎ አለን።

ታዲያ ለአንቶኒዮ ማልቀሴን ላቁም? ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም፤ ባይሆንልኝ ደግሞ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ማዘንን ከይቅርታ ጋር ስለምናደባልቀው ይመስለኛል። ለሰው ማዘን ዕዳ መሰረዝ አይደለም። አንቶኒዮ ከእኔ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልሰጠሁትም፤ ልጁን ይዞ ዝናብ ሲመታው ግን አዝንለታለሁ። እማማ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። ዓመቱን ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ ትነሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋቢዋን አስተካክላ፣ «እሺ፣ ከዚያስ ምን አለው?» አለችኝ።

መጨረሻው ላይ አንቶኒዮ ተስፋ ይቆርጥና ራሱ የሰው ብስክሌት ይሰርቃል። የፊልሙ ስም «ሌባ» ሳይሆን «ሌቦች» የሆነው ለዚህ ነው። ሰው ተሯሩጦ ይይዘዋል፣ በልጁ ፊት በጥፊ ይመቱታል። የብስክሌቱ ባለቤት ብሩኖን ያየውና «ተዉት፣ ይሂድ» ይላል። እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ባለቤቱን አደንቀው ነበር።

«ብስክሌቱንስ አገኘ?» አለች እማማ።

«ማን? አንቶኒዮ?»

«ኧረ ባለቤቱ።»

«አዎ፣ መልሰውለታል። ከተመለሰለት በኋላ ነው የለቀቀው።»

«እህ» አለች።

አባትና ልጅ ሰው መሐል ገብተው መሄድ ጀመሩ። አባትየው እያለቀሰ ነው። የእማማ ዓይን ደክሟል፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«እጁን ያዘው?»

«ያዘው።»

በጋቢዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «በይ መብራቱን አጥፊው፣ ነገ ቅዳሴ አለብኝ» ብላኝ ተነሳች።