ድፍረት በማን ኪሳራ?

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይላል ያገራችን ሰው። መውጫ ያገኘውን ደፋር ሁላችንም እናየዋለን፤ ታፍኖ የቀረውን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ስለ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሥራቾች የተጻፈ ነገር ባነበብሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመላለስብኛል። የተሳካለት «ባለ ራእይ» ይባላል፤ ያልተሳካለት እብድ፣ አለዚያም አጭበርባሪ። ለመሆኑ ድፍረት በራሱ በጎ ምግባር ነው? ወይስ ውጤቱ ከታየ በኋላ የምንለጥፍለት ስም?

ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2002 ስፔስኤክስ የተባለውን የሮኬት ኩባንያ አቋቁሞ ከራሱ ኪስ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፈሰሰበት። «ፋልከን 1» የተሰኘችው የመጀመሪያ ሮኬቱ በ2006 ከአንዲት የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ተተኩሳ ወደቀች። በ2007 ተደገመ፤ ምህዋር ሳትደርስ ቀረች። በ2008 ሦስተኛዋ ስትተኮስ የታችኛው ክፍል ከተለያየ በኋላ የላይኛውን ገጨውና እሷም ጠፋች፤ ከሟቹ ጠፈርተኛ ከጎርደን ኩፐር አስከሬን የተወሰደ አመድ እንኳ ተጭኖባት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አራተኛዋ ምህዋር ገባች። ዓመቱ ሳያልቅ ናሳ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠ።

አራተኛዋም ብትወድቅ ኖሮ ያው ሰው፣ ያው ውሳኔ መቀለጃ በሆነ ነበር። ስለዚህ ስኬቱን ለድፍረቱ ምስክር አድርጎ ማቆም አያስኬድም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሮኬት ሲወድቅ ሁሉም ያያል። ገንዘቡን ያዋለም ሆነ ዕቃውን የጫነ፣ በምን ላይ እንደተወራረደ ያውቃል።

ኤሊዛቤት ሆምስ ለውርርዷ መያዣ ያደረገችው ግን የሌላ ሰው ደም ነው። በ2003፣ ገና በ19 ዓመቷ ያቋቋመችው ቴራኖስ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እሠራለሁ አለ። (መርፌ የምፈራ ሰው ነኝና ሐሳቡ ያስጎመጃል።) በ2014 ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። አዲስ የተባለው መሣሪያ ግን የሚሠራው ጥቂቱን ምርመራ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው የሚሠራው ከሌላ ኩባንያ በተገዛ ማሽን ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ጽንሷ እየጨነገፈ መሆኑን የሚያመለክት ውጤት ተሰጣት። ጽንሱ ደህና ነበር፤ ልጇንም ወለደች። ይህን ፍርድ ቤት ቀርባ መስክራለች።

«ጊዜ ብታገኝ ኖሮ ይሳካላት ነበር» የሚሉ አሉ። እሷም ከልቧ አምናበት ይሆናል። ይሁን እንጂ ያ ጊዜ የእሷ አልነበረም። ያበደሯት ውጤታቸውን አምነው ወደ ቤታቸው የሄዱ ሕመምተኞች ናቸው፤ ያውም ማበደራቸውን ሳያውቁ! ኩባንያው በ2017 በአሪዞና ክፍለ ግዛት ብቻ ከ175,000 ለሚበልጡ ደንበኞች 4.65 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ለእያንዳንዱ ሲካፈል ስንት እንደሚደርሰው አንባቢ ያስላው።

በ2022 ሆምስ ባለሀብቶችን በማታለል በአራት ክሶች ጥፋተኛ ተባለች፤ ከ11 ዓመት በላይ እስራትም ተፈረደባት። ሕመምተኞችን አታላለች ከተባለባቸው ክሶች ግን በነጻ ተሰናበተች። ሕጉ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። እኔ ግን የእነዚያን ባለጠጎች ኪሳራና የዚያችን ነፍሰ ጡር ጭንቀት በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ እንኳ እጄ አይታዘዝልኝም።