ገንዳው ሲጮህ አፉን አትዝጋው

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ቤትህ መጥቼ ቡና ስንጠጣ፣ ሳሎን ያስቀመጥኸው የዓሣ ገንዳ ከጨዋታችን በላይ ሲንፎለፎል አመሸ። ባለቤትህም «ሌሊት እንቅልፍ ነሳን፤ ወይ ይጠገን ወይ ይሸጥ» ስትል ሰማሁ። እውነቷን ነው። አንተ ደግሞ ስትሸኘኝ የማፍሰሻውን ቧንቧ አፍ በጨርቅ ጠቅጥቀህ ልታጠብበው እንዳሰብህ ነገርኸኝ። ይህን የምጽፍልህ ያ ጨርቅ ቧንቧው ውስጥ ሳይገባ እንዲደርስህ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የሚጮኸው ምን እንደሆነ እወቅ። ቧንቧ የሞላ ውሃ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። ጩኸት የሚመጣው ውሃና አየር በአንድ መንገድ ሲጋፉ ነው። ቢጫውን ጀሪካን አስታውስ። ሞልተህ በአንድ ጊዜ ብትዘቀዝቀው ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ እየተናነቀ ይወጣል። የሚወጣው ውሃና የሚገባው አየር ያቺን አንዲት አፍ ይሻሙባታልና። ጋደም አድርገህ፣ ለአየሩ ከላይ ትንሽ መግቢያ ትተህ ብትቀዳ ግን ጸጥ ብሎ ይወርዳል። የገንዳህም ነገር ይኸው ነው። መፍትሔው አፉን ማጥበብ አይደለም፤ ሁለቱን የየራሳቸውን መንገድ መስጠት ነው።

ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፋና ጆሮህን ለገንዳው ስጥ። ድምፁ አንድ አይደለም። ከላይ፣ ውሃው ከገንዳው ጠርዝ ጥርሶች ላይ ማፍሰሻው ወደቆመበት የጥግ ሳጥን ሲወድቅ የፏፏቴ ድምፅ ትሰማለህ፤ ይህ የሚሆነው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ስላለ ነው። መውደቂያው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ እስኪሆን ድረስ የሳጥኑን ውሃ ከፍ ብታደርገው ይጠፋል። ከታች፣ የቧንቧው ጫፍ ፓምፑ ወዳለበት ታችኛው ገንዳ ሲገባ የአረፋ መፍረጥ ትሰማለህ። ጫፉ ከውሃው በላይ ከሆነ ይረጫል፤ በጣም ከሰመጠ ደግሞ የታመቀው አየር መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃውም ይንተከተካል። ከውሃው ወለል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆሙ በቂ ነው። ሦስተኛው እንቅልፍ የነሳችሁ ነው፦ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይልና እንደ ሽንት ቤት ውሃ ሿ ብሎ ይወርዳል፣ እንደገና ዝም ይላል።

ይህን ሦስተኛውን በቁጥር ላስረዳህ። ገንዳህ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 300 ሊትር ይይዛል። ፓምፕህ በሰዓት አምስት ጊዜ ቢያዞረው 1500 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 25 ሊትር ይሆናል። ማፍሰሻህ አየር ሳይገባበት ሞልቶ ሲፎን ከሠራ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ውሃውን ፓምፑ ከሚልከው ፈጥኖ ይመጠዋል፣ የሳጥኑ ውሃ ይወርዳል፣ ቧንቧው አየር ይውጣል፣ ሲፎኑ ይቆረጣል፤ ውሃው እንደገና ሲሞላም ያው ይደገማል። ድምፁ ይህ ነው። ጠንካራ ፓምፕ ልግዛ እንዳትል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል። ከማፍሰሻው የሚወርደው ውሃ በበዛ ቁጥር ጸጥ ማሰኘቱም ይከብዳል።

ቀላሉ መድኃኒት በሙያው ሰዎች ዘንድ ዱርሶ የሚባለው አሠራር ነው። የቆመው ቧንቧ ራስ ላይ ሦስት አፍ ያለውን ቲ ታስገባለህ፤ ከጎኑ እንደ ክርን የታጠፈ ኤልቦ ወደ ታች ታዞራለህ፤ የኤልቦው አፍ ከውሃው ወለል በታች ስለሚሆን አየር ከላይ እየጠመዘዘ አይምግም። የቲው ራስ ላይ ክዳን ታደርግና ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለህ። አየሩ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳዋ ከጠበበች ያ የሽንት ቤት ድምፅ ይመለሳል፤ ከሰፋች ደግሞ ሲመጥ ይሰማል። ስለዚህ ክዳኑን በሙጫ አታጣብቀው። በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ጀምረህ ጥቂት በጥቂት አስፋ፤ ካበዛኸው ክዳኑን ትለውጣለህ እንጂ ቧንቧውን አትቆርጥም።

ዱርሶ ግን ውሃንና አየርን አስታርቆ በአንድ ቤት ያኖራል እንጂ አይለያቸውም፤ ድምፁም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ከመኝታ ቤታችሁ ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ገንዳ እኔ የምመክርህ ሄርቢ የሚሉትን ነው። ሳጥንህ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ዛሬ አንዱ ማፍሰሻ፣ ሌላው ከፓምፑ የሚመለስበት ነው። የመመለሻውን መስመር በገንዳው ጠርዝ ላይ አሳልፈው፤ ጫፉን ግን ከውሃው ወለል ብዙ አታስምጠው፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ወደ ኋላ ይመጠዋል። በዚህ መንገድ ሁለቱም ቀዳዳዎች ማፍሰሻ ይሆናሉ።

አንደኛው ቧንቧ አጭር ሆኖ አፉ ከሳጥኑ ውሃ በታች ጠልቆ ይቀመጥ። ይህ ዘወትር የሞላ ሲፎን ነው። ከታች እጅህ በሚደርስበት ቦታ ጌት ቫልቭ ግጠምለት። ቦል ቫልቭ አትግዛ፤ ሩብ ዙር ብቻ ስለሆነ በስሱ ልታስተካክለው አትችልም። ጌት ቫልቭ ብዙ ዙር ስላለው ልክ ላይ ያደርስሃል። ትንሽ ካዞርህ በኋላ ውሃው ቦታውን እስኪይዝ ጠብቅ፤ ትዕግሥት ካነሰህ ሌሊቱን ሙሉ ስታባርረው ታድራለህ። ሁለተኛው ቧንቧ ከፍ ብሎ ይቁም፤ ቫልቭ አይኑረው፣ ክዳን አይኑረው።

ቫልቩን ከፓምፑ ጋር ፍጹም እኩል ለማድረግ ግን አትድከም። ቧንቧ ይቆሽሻል፣ የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ እኩል ያደረግኸው ነገ ይዛነፋል። ሲፎኑ ከሚመጣው ውሃ ጥቂት አሳንሶ እንዲወስድ አድርገውና ትርፉ በሁለተኛው ቧንቧ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ክር ተጣብቆ ይውረድ። ያ ድምፅ የለውም። ገንዳህ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረው፣ ትርፉን በሁለተኛው አውርደህ ሦስተኛውን ደረቅ አድርገህ ትጠብቀው ነበር፤ ቢንአኒማል የሚባለው አሠራር እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ልመለስ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ምግብ ቤት እንዲህ ያለ ገንዳ ሠርቼ ነበር። ሁለተኛው ቧንቧ ትንሽ ስለሚንጠባጠብ ባለቤቱ አጉረመረሙ፤ እኔም ለማስደሰት ብዬ በስፖንጅ አፈንሁት። በጣም ጸጥ አለ፤ ተመሰገንሁ። ከዚያ አንድ ሌሊት ቀንድ አውጣ የሲፎኑን አፍ ዘጋው። ፓምፑ ውሃ መላኩን አላቆመም፤ መውረጃ ግን አልነበረም። ጠዋት ሲከፍቱ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፣ ፓምፑም በደረቅ ሲሽከረከር አድሮ ተቃጥሏል። ጥፋቱ የቀንድ አውጣው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ጸጥታውን የገዛሁት በማምለጫው በር ዋጋ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ አንተ ላይ እንዲደርስም አልፈልግም።

ስለዚህ ሠርተህ ስትጨርስ ሦስት ነገር ፈትን። ፓምፑ እየሠራ የሲፎኑን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ዝጋ፤ ሁለተኛው ቧንቧ ብቻውን ሁሉንም መቻል አለበት፤ ይጮሃል፣ ይጩህ፤ የሚጮኸው አደጋ እንዳለ ሊነግርህ ነው። ቀጥሎ ቫልቩን ወደ ቦታው መልስና ፓምፑን አጥፋ። መብራት ሳይነግርህ በሚሄድበት ከተማ ይህ ፈተና የግድ ነው። የገንዳህ ውሃ በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢወርድ 18 ሊትር ነው፤ የሳጥኑና የቧንቧው ይጨመርበታል፤ የታችኛው ገንዳ ይህን ሁሉ የሚቀበልበት ባዶ ቦታ ይኑረው። በመጨረሻ ፓምፑን አብራው፤ አየሩን እስኪያስወጣ ጥቂት ይንፎለፎላል፤ ከዚያ ሳትነካው በራሱ ጸጥ ማለት አለበት። ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግም። የቫልቩን ልክ ስታገኝ ከተዘጋበት ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥረህ ገንዳው በተቀመጠበት ቁም ሳጥን በር ላይ በእርሳስ ጻፈው። ለሲፎኑ አፍ ሰፊ ወንፊት አድርግለት፤ በየወሩም እጠበው።

ልጄ፣ በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ። ባለቤትህ ቡናውን እስክታቀርብ ድረስ የገንዳውን ዝምታ ልታሰማኝ አትቸኩል። ቫልቩን ዘግተህ ሁለተኛው ቧንቧ ሸክሙን ሁሉ ሲችል አሳየኝ። ከዚያ መልሰህ ክፈተውና ቡናችንን በጸጥታ እንጠጣለን።

አጎትህ