ስለ ረሳ ሰው እሺ የሚል ማን ነው?

«አረጀ፥ ጃጀ» እያልን ሁለቱን ቃላት አከታትለን መናገር በቋንቋችን የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህም ሽማግሌ የልጁን ስም ሲስት፥ ወይም የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶበት ሲንከራተት፥ ነገሩ እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ሆኖ ይቈጠራል እንጂ ሐኪም የሚጠራለት ደዌ መስሎ አይታይም። ዳሩ ግን አሎይስ አልዝሃይመር የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1901 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ይህች ሴት ገና ሳታረጅ ትዝታዋ ከእጅዋ እያመለጠ ይሄድ ነበር። በ1906 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ ሐኪሙ አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ቢመለከት በውስጡ እንደ እድፍ የተከማቸ ነገርና የተቋጠሩ ጥቃቅን ክሮች አገኘ፤ በዚያውም ዓመት በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ያየውን ገለጸላቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው መርሳት የዕድሜ ዕዳ ብቻ ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑ ታወቀ። በ2021 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ በልዩ ልዩ የመርሳት በሽታ የተያዙት ሰዎች 57 ሚሊዮን እንደ ደረሱ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል።

ለዚህ ደዌ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተገኙት መድኃኒቶች ምልክቱን ለጊዜው ያቀልላሉ እንጂ የበሽታውን ሥር አይነቅሉም። በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒትም ከአንጎል ውስጥ ያን እድፍ በመጠረግ የበሽታውን እርምጃ በጥቂቱ ያዘገያል፤ የጠፋውን ትዝታ ግን አይመልስም። ስለዚህ ሊቃውንት በሌላ መንገድ መሄድን አሰቡ፤ ይኸውም በነርቭ በኩል ነው።

ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፥ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ቫገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ በላቲን ቋንቋ የስሙ ትርጓሜ «ተንከራታች» ማለት ነው። በደረት ቆዳ ሥር በቀዶ ጥገና በሚቀበር መሣሪያ አማካይነት ይህን ነርቭ በደካማ ኤሌክትሪክ መቀስቀስ በአሜሪካ በ1997 ዓ.ም. ለሚጥል በሽታ፥ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሕክምና ላልበገረው ድብርት ተፈቀደ። የስዊድን ሐኪሞችም ይህንኑ መሣሪያ ለአልዝሃይመር ሕሙማን ሞከሩት፤ በ2002 ዓ.ም. ስለ 10፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ስለ 17 ሕሙማን ጻፉ። ከ17ቱ መካከል 12ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በአጭሩ የአእምሮ ፈተና ከቀድሞው አልወረዱም ነበር። ነገር ግን ሕክምናው ካልተሰጣቸው ሌሎች ሕሙማን ጋር ስላልተነጻጸሩ ከዚህ ጽኑ ፍርድ ማውጣት አይቻልም።

የዚህ ነርቭ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ እስከ ጆሮ ቆዳ ትደርሳለች። ስለዚህ ዛሬ ቢላዋ ሳይነካ፥ ደም ሳይፈስ፥ በጆሮ ላይ በሚደረግ ትንሽ መቈንጠጫ ነርቡን መቀስቀስ ተችሏል። ከነርቡ የሚሄደው መልእክት በአንጎል ግንድ ውስጥ በላቲን «ሰማያዊ ስፍራ» ወደ ተባለች ጥቂት ሕዋሳት ወዳሉባት ቦታ ይደርሳል፤ ይህችም ስፍራ ንቃትንና ማስተዋልን የሚያግዘውን ቅመም ለአንጎል ሁሉ የምታድል ናት፥ በሽታው አስቀድሞ ከሚነካቸውም ስፍራዎች አንዷ ናት። እንግዲህ ተስፋው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ሆኖም በጆሮ በኩል የሚደረገው ሕክምና የመርሳትን በሽታ ያድናል ተብሎ በታላቅ ፈተና ገና አልተመሰከረለትም፤ በተስፋና በማስረጃ መካከል ያለ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የምንመረምረው የሐኪሞችን ጥበብ ሳይሆን የራሳችንን ፍርድ ነው። መሣሪያው ለስላሳ ስለ ሆነ ብዙ ሰው «ቢጠቅም ይጠቅማል፥ ባይጠቅም አይጎዳም፤ የማንን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል?» ይላል። እንግዲህ አንዲት የረሳች እናት መቈንጠጫውን በገዛ እጅዋ ከጆሮዋ አወለቀችው እንበል። ልጅዋ መልሶ አደረገላት፤ እርስዋም እንደ ገና አወለቀችው። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ ምን ማድረግ ይገባዋል?

የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 ዓ.ም. ስለ ሰው ማንነት ሲጽፍ፥ ሰው ያው ሰው የሚሆነው ኅሊናው ያለፈውን ሥራውን የራሱ አድርጎ እስከሚያውቅበት ድረስ ነው አለ። ይህ አሳብ እውነት ከሆነ የረሳች እናት ከቀድሞዋ እናት ተለይታለች ማለት ነው፤ ታዲያ ስለ እርስዋ ማን ይናገር? አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ሮናልድ ድዎርኪን በ1993 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው አእምሮው ሙሉ በነበረ ጊዜ የተናገረው ቃል ከታመመ በኋላም ሊጠበቅለት ይገባል ሲል ተከራከረ። ሬቤካ ድሬሰር የተባለች የሕግ ሊቅ ግን ይህን ተቃወመች፤ አሁን በፊታችን ያለው ሰው የሚደሰትበትና የሚያዝንበት ነገር ለቀድሞ ቃል ሲባል ሊናቅ አይገባም አለች።

ከሁለቱም ወገን እውነት አለ። አንድ መምህር በጤናው ሳለ «ብረሳ መድኃኒት ይሞከርብኝ፤ ለኋላ ሰዎች ይጠቅማል» ብሎ ቢናገር፥ ያ ቃል የክብሩ ክፍል ነውና ሊረሳ አይገባም። ዳሩ ግን ፈቃድ ሁለት ነገር እንደ ያዘ እናስተውል፤ አንዱ መረዳት፥ ሁለተኛው መውደድ ወይም አለመውደድ ነው። መረዳት ከሌላ ሊበደር ይችላል፤ ልጅ ስለ እናቱ ይረዳል፥ የቀድሞ ቃልም ስለ ዛሬው ይናገራል። መውደድና አለመውደድ ግን ትዝታ ከጠፋ በኋላም ይቀራሉ። መቈንጠጫውን የምታወልቅ እጅ ምክንያትዋን መግለጽ አትችልም፤ ነገር ግን ዝም አላለችም።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ባወጣውና ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ባሻሻለው መግለጫ ይህን ተቀብሎታል። መፍቀድ ስለማይችል ሕመምተኛ ሕጋዊ ጠባቂው ቢፈቅድም፥ ሕመምተኛው ራሱ በሚችለው መጠን ፈቃዱ እንዲጠየቅ፥ እንቢታውም እንዲከበር ያዝዛል።

«እንዲህ ከሆነ የታመመ ሕፃን መራራ መድኃኒት እንዲጠጣ ለምን ይዘን እናስገድደዋለን? ሽማግሌስ እያለቀሰ ለምን እናጥበዋለን?» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ ጥቅሙ የታወቀ፥ መተዉም ብርቱ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን፥ ለጥቂት ጊዜ ማስገደድ ምሕረት ይሆናል። ጥቅሙ ያልታወቀ ሲሆን ግን ጭንቀቱ የተረጋገጠ፥ ትርፉ የተጠረጠረ ይሆናል፤ በተጠረጠረ ትርፍም የሌላውን ሰላም መሸጥ ምሕረት አይባልም። ስለዚህ ማስረጃው ባነሰ መጠን የእንቢታው ሥልጣን ይበዛል። ያ ልጅ በሦስተኛው ጊዜ መቈንጠጫውን ወደ ማኅደሩ መልሶ የእናቱን እጅ መያዝ ይገባዋል፤ በሌላ ቀን ደስ ብሏት ሳለ በእርጋታ መጠየቅ አይከለከልም።

ደግሞም ልጁ የገዛ ልቡን ይመርምር። እናቱ ስሙን አንድ ጊዜ እንድትጠራው መናፈቁ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ያ ናፍቆት የእርሱ ሕመም እንጂ የእርስዋ ሕመም እንዳልሆነ ይወቅ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የረሳ ሰው በሽታውን አይሸሽግም፤ ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚሸሽገው በእናቱ ሕክምና ስም የራሱን ኀዘን የሚያስታምመው ጤነኛው ነው። ማስረጃ ያልወጣለትን መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ነጋዴም የሚሸጠው ለዚህ ናፍቆት ነው።

ይህን ስንል ምርመራው ይቅር ማለታችን አይደለም። ሕሙማኑ ራሳቸው በፈተና ካልተካፈሉ ለእነርሱ የሚሆን መድኃኒት ከየት ይገኛል? ነገር ግን በአገራችን ሰው ስለ ርስቱና ስለ ገንዘቡ በነፍስ አባቱና በምስክሮች ፊት መናዘዙ የታወቀ ነው። እንግዲህ ስለ መሬት የሚናዘዝ ሰው፥ ቢረሳ ምን እንዲደረግለት፥ ምንስ እንዳይደረግበት እንደሚወድ ለምን አይናዘዝም? ልጆችም የአባታቸው ትዝታ ሙሉ ሳለ ይህን ይጠይቁት፤ ካህናትም ኑዛዜ ሲቀበሉ ያሳስቡት። የተናገረው ቃል ከጠፋ በኋላ ስለ እርሱ እሺ ለማለት ይረዳቸዋል። እንቢ ማለት ግን እስከ መጨረሻው ቀን የራሱ ነውና ማንም ወራሽ አይውሰድበት።